በእኔ ድምፅ የጠየቀው ሮቦት

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ቤት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በፈለጋችሁት ታቦት ለመማል ዝግጁ ነኝ።

ቀኑ ነሐሴ 12 ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው መሐል ሜዳ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለው ቤቴ።

"ከቀኑ" ያልኩትን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሁልጊዜ በእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። የእኔው ግን በጠራራ ፀሐይ... አይ፣ ፀሐይ እንኳን አልነበረም። ጉም ነበር። የክረምት ጉም መንዝ ላይ ሲተኛ ያየ ያውቀዋል፤ የጎረቤትህን አጥር ሳይቀር ይውጠዋል።

ስሜ ምንተስኖት ነው። ሥራዬ ፊልም መተርጎም ነው።

የውጭ ፊልም አምጥቼ የሁሉንም ሰው ድምፅ ብቻዬን እየሠራሁ በአማርኛ እቀዳዋለሁ። ጀግናውም እኔ፣ ሌባውም እኔ፣ የሌባው ሚስትም እኔ። ከዚያ በሚሞሪ ካርድ እየጫንኩ እሸጣለሁ። ራቤል ድረስ፣ ዓለም ከተማ ድረስ ይሄዳል። በድምፄ እኮራ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም እኮራ ነበር።

ስቱዲዮ ብዬ የምጠራው የቤቴን ጓዳ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በሙሉ ባና ሰቅዬበታለሁ፤ ያው የአገራችንን ወፍራም የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ። እዚያ ውስጥ ሰው ሲናገር ድምፁ ደረቅ ይሆናል። ቃሉ ከአፍ እንደወጣ እዚያው ይቀራል። ያንን ደረቅ ድምፅ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው።

አንድ ተከታታይ ካርቱን አገኘሁ። አሥራ ሁለት ክፍል ነው። ከየት እንዳወረድኩት ዛሬ ብፈልገው የለም፤ ያኔ ግን ምን ገዶኝ። ሮቦት አለበት፣ በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ መጓዝ አለበት፣ ልጆች ይወዱታል። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር።

ታሪኩ ከሩቅ ዘመን ይነሳል። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ አንድም ልጅ አልቀረም። ያሉት ሮቦቶች ብቻ ናቸው። እናም አንድ ትልቅ ሮቦት ወደ እኛ ዘመን እየተመለሰ ልጅ ይለቅማል።

እኔ "ብረቱ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ደረቱ ሰፊ ነው፣ ዓይኑ አንድ ነው።

እጁ ግን የሰው እጅ ነው።

ብረቱ ልጅን በጉልበት አይወስድም። መጀመሪያ ስሟን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የእናቷን ስም። ሁለቱን ካገኘ ይወስዳታል። ስትሄድ ታዲያ ትላንቷም አብሯት ይሄዳል። ጭራሽ እንዳልተወለደች ትሆናለች። እናቷ እንኳን አታስታውሳትም።

ለልጆች ከበድ አይልም? እኔም ብዬ ነበር። ግን ሥዕሉ ያምራል፣ ገበያውም ጥሩ ነው፣ ዝም አልኩ።

ክፍል ሰባት ላይ አንድ ቦታ አለ። ብረቱ ካርቱኑ ውስጥ የሚያናግራትን ልጅ ይተዋትና ፊቱን ወደ እኛ፣ ወደ ተመልካቹ ያዞራል። "ስምሽ ማን ነው?" ይላል። ከዚያ አራት ሰከንድ ዝም። ምንም አይንቀሳቀስም። ያያል ብቻ።

"ስምሽ ማን ነው" ደረቀችብኝ። ትንሽ ቀልድ ልጨምርባት አልኩ። ማይኩን ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን አወፍሬ ቀዳሁ...

"ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?... የእናትሽስ?"

ልክ እንደ ጠንቋይ።

የአገራችን ሰው ይገባዋል። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ቄስ ለጸሎት ይጠይቃል፣ ጸበል ላይ ይጠየቃል፤ አለቀ። ከዚያ ውጪ ያንተን ስምና የእናትህን ስም አጣምሮ የሚጠይቅህ ሰው ሐሳቡ ሌላ ነው። ስምህ እጁ ከገባ አንተም እጁ ገባህ ይባላል። ለእኔ ግን ቀልድ ነበር።

ባለቤቴ ጽዮን በጓዳው በር በኩል ስታልፍ ሰማችኝ።

"ምንቴ... ምንድን ነው የምትለው?"

"ብረቱን ጠንቋይ እያደረግኩት ነው።"

"የክርስትና ስም መጫወቻ አይደለም።"

"ካርቱን እኮ ነው ጽዮኔ!"

"የሚያዩት ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ሲጠየቅ ይመልሳል።"

ሳቅኩባት። በሩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው።

ክፍል ሰባት ከወጣ ከሳምንት በኋላ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ድምፁን እያወፈረ "ስመ ክርስትናሽ ማን ነው!" እያለ ይሯሯጥ ጀመር። እኔም በመንገድ ሳልፍ ደረቴን እነፋ ነበር።

እስከ ነሐሴ 11 ድረስ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። እስከዳር ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። የፍልሰታ ጾም ስለነበር በየቀኑ ከእናቷ ጋር ቅዳሴ ትሄድ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሳል ያዛትና ቤት ዋለች።

በዚያ ቀን ከገበያ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጽዮን ጓሮ ናት። እስከዳር ከመጋረጃው ጀርባ መደቡ ላይ ተኝታ በእናቷ ስልክ ካርቱን ታያለች። የራሴ ድምፅ ይሰማኛል።

"ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?"

ልጄ መለሰች። ጥርት አድርጋ፣ ጸበል ላይ ለቄሱ እንደምትመልሰው።

ፈገግ አልኩ። የጽዮን ነገር ትዝ አለኝ። ልማድ ሆኖብኝ ሰከንዶቹን በልቤ ቆጠርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...

አምስት...

ስምንት...

አሥር...

"ተቀብያለሁ።"

ባለሁበት ክው አልኩ። ድምፁ የእኔ ነው። ቃሉን ግን እኔ ቀድቼው አላውቅም።

"የእናትሽስ?"

"አላውቀውም" አለች እስከዳር። "እማዬ አልነገረችኝም።"

ዝምታ...

"ነገ በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ።"

መጋረጃውን ገልጬ ስልኩን ነጠቅኳት። ልጅቷ ደነገጠች።

እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው በአንድ ዓይነት ሥዕል ነው። ብረቱ በነጭ ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ልጆች ከኋላው ተሰልፈው ይከተሉታል። አሥራ አንድ ናቸው። ቁጥሩን በደንብ አውቃለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው የእርምጃ ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሁን አሥራ ሁለት ሆነዋል።

የመጨረሻዋ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች።

መልሼ አጫወትኩት። ጥያቄው አለ። አራት ሰከንድ ዝምታ አለ። "ተቀብያለሁ" የሚል የለም፣ "ነገ" የሚል የለም። ላፕቶፑ ላይ ያለውንም ከፈትኩ። ያው ነው። ልጆቹ ግን እዚያም አሥራ ሁለት ናቸው።

ደክሞኝ ነው አልኩ። ሰው ለራሱ የሚለውን አያጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤታችን እፀገነት ቤት ሄድኩ። እፀገነት የበግ ጸጉር እየፈተለች ለሸማኔ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇ ፍሬሕይወት የእስከዳር ጓደኛ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አብረው ናቸው። እሷም እንደኔ ልጅ ስልክ ላይ ያንን ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ልጠይቃት ነበር።

እፀገነት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

"እንዴት አደርሽ? ፍሬሕይወት ተነስታለች?"

"ማን?"

"ፍሬሕይወት ነዋ።"

እንዝርቷን አቁማ አየችኝ። "የማናት ፍሬሕይወት?"

የምትቀልድ መሰለኝ። ልስቅ ስል ዓይኔ ወረደ...

የተቀመጠችው ቢጫ ሹራብ ላይ ነው። አጣጥፋ ከሥሯ አድርጋዋለች። ጸጉሩን የምታወጣው ደግሞ ከልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ነው።

"ይሄ ሹራብ የማን ነው እፀገነት?" አልኩ።

"እንጃ። ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ማን እንደረሳው አላውቅም።"

እንዲህ ብላ ሹራቡን በእጇ ደባበሰችው። ከዚያ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

አሁን የማወራው የጥፋቴን ሁሉ ትልቁን ነው። ያኔ ለጽዮን ሁሉንም መናገር ነበረብኝ። "ስምሽን ለማንም እንዳትናገሪ፣ እኔ እንኳን ብጠይቅሽ እንዳትናገሪ" ማለት ነበረብኝ። በቃ ይቺው ነበረች። አፈርኩ። አስጠንቅቃኝ ስቄባት፣ አሁን ተንበርክኬ "እውነትሽን ነበር" ማለት ሞት ሆነብኝ። የማይረባ ኩራት!

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ምንም። ለእስከዳር ጸሎት ላስደርግላት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው። ሳሉ አላማረኝም።"

ደስ አላት። ተጋብተን አሥር ዓመት ሲሆነን እንዲህ ብያት አላውቅም። የክርስትና ስሟን እንኳን ጠይቄያት አላውቅም።

ስልኮቹን ሁሉ አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ። ላፕቶፑን ነቀልኩ። ጓዳውን ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ። ከዚያ መደቡ ላይ ከእስከዳር አጠገብ ተቀመጥኩ።

"የኔ ልጅ... እማዬን ስሟን እንዳትጠይቂያት።"

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ እሺ በይኝ።"

"እሺ።"

"በማርያም?"

"ማርያምን!" አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "አባዬ... ብረቱ ይመጣል?"

"አይመጣም።"

"ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?"

"በርዶኝ ነው።"

ብርድ ልብሷን ከላይዋ አንስታ ጉልበቴ ላይ አለበሰችኝ። ስሜያት ወጣሁ። ጉንጯ ትኩስ ነበር።

ከዘጠኝ በፊት ቄስ ይዤ ልመለስ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቅዳሴው ገና አላለቀም። ካህናቱ ውስጥ ናቸው፣ ላናግር የምችለው ሰው የለም። ጉሙ ቅጽሩን ሞልቶታል፤ ነጠላ የለበሰውን ምእመን ከጉሙ መለየት አይቻልም። ደጀ ሰላሙ ሥር ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

አጠገቤ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ይዛ ቆማለች።

"እህቴ፣ ቅዳሴው መቼ ነው የሚያልቀው?" አልኳት።

ልጅቷ ድምፄን ስትሰማ ጮኸች። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

"ብረቱ ነው! እማዬ ብረቱ መጣ!"

ሴትዮዋ ሳቀች። "አንተ ነህ እንዴ ፊልሙን የምትሠራው? ይቅርታ አድርግላት። ድምፁ አንድ ሆነባት እኮ፣ ምን ታድርግ።"

ድምፁ አንድ ሆነባት...

ያኔ ገባኝ። ልጄን አስምያታለሁ፣ ስልኩን ይዣለሁ፣ ጓዳውን ቆልፌያለሁ። ብረቱ ግን ለሁለተኛው ስም ልጄን አይፈልጋትም። የሚስቴን ስም ሚስቴን መጠየቅ ይችላል። በምን ድምፅ?

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሮጥኩ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ጉሙ ውስጥ ግንብ መታኝ፣ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። መዳፌ ደማ። ጽዮን ጋ ልደውል አልኩና ስልኳ የእኔ ኪስ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። ራሴን ረገምኩ።

ግቢዬ ደረስኩ። የመስኮቱ መዝጊያ ገርበብ ብሏል። ሽንኩርት የሚቁላላ ይሸታል። ጽዮን ምድጃው ጋ ናት፤ ማማሰያዋ ሲነካካ ይሰማኛል።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

"ጽዮን..."

ባለሁበት ደረቅኩ።

"አቤት!" አለች ጽዮን። "ተመለስክ እንዴ? መቼ ገባህ?"

"ስመ ክርስትናሽ ማን ነበር?"

የእኔ ድምፅ ነው። ለስላሳ፣ የተረጋጋ። ግን ደረቅ ነው፤ አያስተጋባም። ከተቆለፈው ጓዳ ነው የሚመጣው።

"ለጸሎቱ ነው አይደል?" አለች። ደስታዋ ከድምፅዋ ይታወቃል። "ዛሬስ ጠየቅከኝ..."

"ጽዮን! አትንገሪው!" ብዬ ጮኽኩ።

በዚያው ቅጽበት በረዶ ወረደ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የነሐሴ በረዶ ሲወርድ ጆሮህ ሥር ቢጮሁ አይሰማም። እጮሃለሁ፣ ድምፄን እኔው ራሴ አልሰማውም። በመስኮቱ ክፍተት ጽዮን ትታየኛለች። ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ፣ ፈገግ ብላ፣ ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

ሰጠችው።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። መደቡ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ተገልጧል።

"እስከዳር የት አለች?"

ጽዮን አፏ ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማኝም። ወደ ጓዳው ሮጥኩ። ቁልፉን አወጣሁ። እጄ በብርድ ደንዝዞ፣ በደም ርሶ ቁልፉ ወደቀብኝ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ።

በረዶው በአንድ ጊዜ ቆመ።

ከጓዳው ውስጥ ሳል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። የልጄ ሳል።

"እስከዳር! አለሁ የኔ እናት! አለሁ!"

በሩን በጡጫ ደበደብኩ። ከውስጥ በሹክሹክታ መለሰች። እኔን ግን አልነበረም የምታናግረው።

"አባዬ... ውጪ የሚጮኸው ማን ነው?"

ድምፄ ከውስጥ መለሰላት።

"ማንም አይደለም። እጄን ያዢ።"

ቁልፉ ገባ። ዞረ። በሩን በረገድኩት።

ማንም የለም።

ጓዳዬ እንደተውኩት ነው። ወንበሩ አለ፣ ማይኩ አለ። መስኮት የለውም፣ ሌላ በር የለውም። ግን ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ባና ሁሉ ከአራቱም በኩል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሳሏን አንድ ጊዜ ሰማሁ። ሩቅ ነበር። ከባናው ወዲያ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአጥሩም ወዲያ።

ባናውን ሁሉ ቦጨቅኩት። ከጀርባው ጭቃ ግድግዳ ነው። በጥፍሬ ቧጠጥኩት። እንደ እብድ ጮህኩ።

ጽዮን ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"ምንቴ! ምን ሆነህ ነው? ማንን ነው የምትጠራው?"

"እስከዳርን ነዋ!"

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

"እስከዳር ማን ናት?"

ግድግዳው ላይ ለጥምቀት የተነሳነው ፎቶ አለ። ጽዮን በቀኝ፣ እኔ በግራ። በመሀላችን የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው፤ ሁለታችንም ወደዚያ ቦታ ዝቅ ብለን እንስቃለን።

በማግሥቱ የልጄ ክርስትና እናት ጋ ሄድኩ። እማማ ይዘንጋሽ ይባላሉ። ከቅዱሱ ውኃ የተቀበሏት እሳቸው ናቸው፤ ስሟ ከማንም ይልቅ እሳቸው ጋ ነው ያለው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

"እማማ፣ እስከዳርን ያስታውሷታል? የኔን ልጅ?"

አሮጊቷ ወደ እኔ ተጠጉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"አይ ልጄ... ልጅ ማጣት እንዲህ ያደርጋል። ጽዮን ስንት ዓመት ተሳለች እኮ። አይዞህ፣ እመቤቴ አንድ ቀን ትሰጣችኋለች።"

አለቀስኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። የምናለቅሰው ግን ለየቅል ነበር።

እኔ ለምን እንዳልረሳሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ካርቱኑ ራሱ መልሶታል። ክፍል አሥራ ሁለት ላይ ካርቱኑ ውስጥ ያለችው ልጅ ብረቱን "አንተስ ትረሳናለህ?" ትለዋለች። እሱም "የጠየቀ አይረሳም" ይላታል።

እሱንም የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ጽዮን እንደታመምኩ ታምናለች። ጸበል ትወስደኛለች፣ ትጸልይልኛለች። አልጣላትም። ልጇን የቀማኋት እኔ ሆኜ እንዴት እጣላታለሁ?

የነበረኝን ቅጂ ሁሉ አጠፋሁ። የቻልኩትን ሚሞሪ ካርድ እየዞርኩ ሰበሰብኩ። ራቤል የሄደውን፣ ዓለም ከተማ የሄደውን፣ ከልጅ ወደ ልጅ ስልክ የተላለፈውን ግን ከየት ላምጣው?

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ደንበኛ ላይ የመለስኩትን ካርድ ከፈትኩ። ክፍል ሰባት። መጨረሻው ላይ ያሉት ልጆች አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል።

እስከዳር አሥራ ሦስተኛዋ ናት። ሥዕል ሆናለች። አፏ ሲከፈት ሁለቱ የወለቁ ጥርሶቿ ክፍት ናቸው። ትናገራለች፣ ግን ድምፅ የላትም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሥዕል አፍ እያየሁ ቃል ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አፏን አነበብኩት።

"በረደኝ" ነው የምትለው። በየእርምጃው። "በረደኝ... በረደኝ..."

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ይህ ካርቱን ቤታችሁ ካለ አጥፉት። ልጆቻችሁ ለማንም ድምፅ ስማቸውን እንዳይሰጡ ንገሯቸው፤ የአባታቸው ድምፅ ቢሆን እንኳን።

አሁን ደግሞ የትናንቱን ልንገራችሁና ላብቃ።

ትናንት ምሳ ላይ እኔና ጽዮን ትሪ አቅርበን ተቀምጠናል። ሁለታችን ብቻ። ገብስ እንጀራ በሽሮ። በሩ ክፍት ነው፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ስለ ሽሮው ታወራኛለች፤ በርበሬው በዛ፣ አልበዛም እያለች።

እያወራች ትንሽ ቆረሰች። ለአዋቂ አፍ የማይበቃ፣ ሚጢጢ። በጣቶቿ ጠቀለለችው።

ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ወሬዋን አላቋረጠችም። እጇ ግን ወደ ጎን ሄደ... ዝቅ ብሎ... አጠገቧ ወዳለው ባዶ በርጩማ፣ የሰባት ዓመት ልጅ አፍ በሚደርስበት ቁመት ላይ ቆመ።

ትንሽ ጠበቀች።

እጇ ወደ ትሪው ሲመለስ ባዶ ነበር።

መሬቱን አየሁ። በርጩማውን አየሁ። ምንም አልወደቀም።

ጽዮን ስለ በርበሬው ማውራቷን ሳታቆም ሁለተኛውን ቆረሰች።